ከጭምብሉ ሥር ሰው ነበረ

ባለፈው ሰሞን አንድ ወዳጄ ጎትቶ ከወሰደኝ የፊልም ውይይት ላይ ተገኝቼ ነበር። መድረኩን የያዙት ሰው ብዙ ያነበቡ፣ ብዙ ያዩ፣ ንግግራቸውም የሚጥም ናቸው። ስታኒስላቭስኪን አነሱ፤ ሎረንስ ኦሊቪየርን አነሱ፤ ማርሎን ብራንዶን አነሱ። አዳራሹ ጸጥ ብሎ ሲያዳምጥ ቆየና የጥያቄ ሰዓት ሲደርስ ከኋላ ወንበር አንድ ወጣት ተነሥቶ፣ "ስለ ቦሪስ ካርሎፍስ ምን ይላሉ?" አላቸው። እሳቸውም ሳቅ ብለው፣ "ልጄ፣ እሱ እኮ ተዋናይ አይደለም። የተወነው ፊቱ ላይ የተለጠፈው ጥጥና ሙጫ ነው" አሉ። አዳራሹ ሳቀ። ወጣቱ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። እኔም፣ እውነቱን ልናገርና፣ ከሳቁት አንዱ ነበርኩ።

ቤቴ ገብቼ ጋደም ስል ግን ያ ሳቅ እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። ባለማወቅ ስቄ ቢሆን ኖሮ ይቅር ይባልልኝ ነበር። እኔ ግን እያወቅሁ ነው የሳቅሁት። አዋቂ ሰው የተናገሩትን መቃወም ከበደኝና ለብዙ ዓመት የወደድኩትን ተዋናይ በአንድ ፈገግታ ካድኩት። ይህ ጽሑፍ እንግዲህ ለዚያ ወጣት የምከፍለው ዕዳ ነው። ለተናጋሪው ያለኝ አክብሮት እንዳለ ሆኖ በዚህ ነገር ተሳስተዋል እላለሁ፤ ምክንያቴንም እነሆ። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ስሙን ሰምቶ ሩስያዊ ነው የሚል ብዙ ነው። አይደለም። የተወለደው በ1887 ደቡብ ለንደን፣ ካምበርዌል በተባለው ሰፈር ሲሆን ወላጆቹ ያወጡለት ስም ዊልያም ሄንሪ ፕራት ነው። አባቱ በእንግሊዝ አገዛዝ ሥር በነበረችው ሕንድ የጨው ቀረጥ መሥሪያ ቤት ባልደረባ ነበር። በዘሩ የሕንድ ደም ስላለበት መልኩ ጠየም ያለ ነው። ከወንድሞቹ አንዱ በዲፕሎማትነት አገልግሎ "ሰር" እስከ መባል ሲደርስ፣ ለዚሁ ዓይነት የመንግሥት ሥራ የታሰበው የቤቱ የመጨረሻ ልጅ ግን ሁሉንም ትቶ በ1909 ወደ ካናዳ ተሳፈረ። ምላሱ "ስ" ላይ ትኮላተፋለች፤ እግሩ ቆልመም ያለ ነው። ተዋናይ እሆናለሁ ብሎ የተነሣው በዚህ ምላስና በዚህ እግር ነው።

በካናዳ አካፋ ይዞ የቀን ሥራ ሠራ። ከከተማ ወደ ከተማ በሚዞሩ የቲያትር ቡድኖች ተቀጠረ። ሆሊውድ ሲደርስም ድምፅ አልባ በሆኑት ፊልሞች ውስጥ ሕንዳዊ ሁን ሲሉት ሕንዳዊ፣ ዐረብ ሁን ሲሉት ዐረብ፣ ሽፍታ ሁን ሲሉት ሽፍታ እየሆነ ከዋናዎቹ ተዋንያን ጀርባ ቆመ። ሥራ ሲጠፋ የጭነት መኪና ነዳ። እስከ 1931 ድረስ የታየባቸው ፊልሞች ሰማንያ ያህል ይሆናሉ። ሰማንያ! ዕድሜው አርባ ሦስት ደረሰ፤ ስሙን የሚያውቅ ተመልካች ግን በጣት የሚቆጠር ነበር። በእኛ አገር ቢሆን ኖሮ ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ "ኧረ ተው፣ የሰው ሥራ ያዝ" ካለው ሃያ ዓመት አልፎት ነበር።

በዚያ ዓመት ዩኒቨርሳል ስቱዲዮ "ፍራንክንስታይን"ን ሊሠራ ተነሣ። (በነገራችን ላይ ፍራንክንስታይን የሠሪው የዶክተሩ ስም ነው፤ ፍጡሩ ስም የለውም። ይህን ስሕተት ከሚሠሩት መካከል በዚያ ምሽት መድረክ ላይ የነበሩትም ይገኙበታል።) ሚናው አስቀድሞ ለድራኩላው ቤላ ሉጎሲ ታስቦ ነበር፤ ሳይሆን ቀረ። ዲሬክተሩ ጄምስ ዌል በስቱዲዮው ምግብ ቤት ምሳውን ሲበላ ያየውን ይህን አጥንታም ሰው ለሙከራ ጠራው። የሜካፕ ባለሙያው ጃክ ፒርስ በየቀኑ አራት ሰዓት ያህል እየፈጀ በጥጥና በሙጫ ግንባሩን ገነባ። ካርሎፍ በበኩሉ ሰው ሠራሽ ጥርሱን አውልቆ አንድ ጉንጩ እንዲጎደጉድ አደረገ፤ ዓይኖቹ የነቃ ሰው ዓይን መሰሉብኝ ብሎም ሽፋናቸው በሰም እንዲከብድ የጠየቀው ራሱ ነው። ፊልሙ ሲወጣ በመክፈቻው ላይ የተዋንያኑ ስም ተዘረዘረ። ከ"ጭራቁ" ትይዩ የተጻፈው ግን የጥያቄ ምልክት ነበር። የሰውየው ስም የተገለጸው መጨረሻ ላይ ነው። ወደ ፊልሙ የመጀመሪያ ምረቃም አልተጠራም ይባላል።

እንግዲህ "ጥጥና ሙጫ ነው የተወነው" ወደሚለው ልምጣ። በዚያ ፊልም ውስጥ ፍጡሩ አንዲት ቃል አይናገርም። አንድ ቦታ ላይ ዶክተሩ የጣራውን መክፈቻ ይስበዋል፤ ከጨለማ በቀር ምንም የማያውቀው ፍጡር ላይ ብርሃን ይወርድበታል። ቀና ይላል። ቀስ ብሎ ይነሣል፤ እጆቹንም ወደ ብርሃኑ ይዘረጋል፤ ሊይዘው፣ ሊጨብጠው። ወዲያው ጣራው ይዘጋል። እጆቹ እዚያው አየር ላይ ይቀራሉ፤ ከዚያም መዳፎቹን ገልብጦ እንደሚለምን ሰው ዶክተሩን ያየዋል። ግንባሩ ላይ ጥጥ አለ፤ እሺ። እጆቹ ላይስ ያለው ምንድን ነው?

ይህም ካላሳመነ ሌላ ማስረጃ አለኝ፤ ለክርክሩ ከዚህ የተሻለ የሚገኝም አይመስለኝም። ካርሎፍ ሚናውን ሦስት ጊዜ ተጫወተና በ1939 በቃኝ አለ። ስቱዲዮው ግን ገበያውን አልተወም። በ1942 ሎን ቼኒ ልጅየው፣ በ1943 ያው ቤላ ሉጎሲ፣ በ1944 ግሌን ስትሬንጅ በተራ ተጫወቱት። ሜካፑን የሠራው ያው ጃክ ፒርስ ነው። ጥጡ ያው፣ ሙጫው ያው፣ ባለሙያው ያው። የሚተውነው ሙጫው ከሆነ አራቱም እኩል መሆን ነበረባቸው። እስኪ ተከታትላችሁ እዩአቸው። የሦስቱ ይራመዳል፣ ይመታል፣ ይወድቃል። (ለሉጎሲ ሲባል አንድ ነገር ልጨምር፤ የሱ ፍጡር ዕውር መሆኑን የሚያስረዳው ንግግር ፊልሙ ሲቀናበር ተቆርጦ ስለወጣ አረማመዱ እንዲያው የሚደናበር መስሎ ቀረ።) የካርሎፍ ግን ያስባል። ሲያስብም ይታያል።

እኔ ራሴ ምስክር ልጥራ፤ ምስክሬ አያቴ ናቸው። ፊልሙን ከቪዲዮ ኪራይ ቤት አምጥቼ ስመለከት እሳቸው ከጎኔ ተቀምጠው እንዝርታቸውን ያሾሩ ነበር። ስለ ጥጥ ከማንም በላይ ያውቃሉ፤ ስለ ሲኒማ ግን ምንም። ፍጡሩ ሐይቅ ዳር ከትንሿ ማሪያ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ስንደርስ እንዝርቱ ቆመ። ልጅቱ አትፈራውም። አበባ ትሰጠዋለች፤ አበባው ውኃው ላይ እንዴት እንደሚንሳፈፍ እየወረወረች ታሳየዋለች። እሱም ይወረውራል፤ በፊልሙ ሁሉ ሲደሰት የምናየው እዚያ ላይ ነው። ከዚያ አበባው ያልቅበታል። ባዶ እጁን ያያል፤ ልጅቱን ያያል። እሷም ትንሳፈፋለች ብሎ አንሥቶ ይወረውራታል። እኔ ደነገጥኩ። አያቴ ግን እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ፣ "ምስኪን፣ አበባው አለቀበት እኮ" አሉ። የሚናገሩበትን ቋንቋ አያውቁም፤ ማን እንደሠራው አያውቁም፤ የሰውየው ፊት ቀለም ተቀብቶ ሬሳ መስሏል። ግን የገባቸው ገባቸው። ይህን የሠራው ሙጫ ነው የሚለኝ ካለ ምን እላለሁ!

የሳንሱር ሰዎች በዚህ ቦታ ላይ ያደረጉት ነገር ደግሞ ለብቻው ጉድ ነው። ውርወራው ከበደ ተብሎ ተቆረጠ። ለአሥርት ዓመታት በብዙ ቦታ የታየው ቅጂ ፍጡሩ እጁን ወደ ልጅቱ ሲዘረጋ ያበቃና ትንሽ ቆይቶ አባትየው ሬሳዋን ታቅፎ ይመጣል። በመካከል ምን ሆነ? ተመልካቹ የባሰውን ጠረጠረ። ከሞኝነት የመጣ አደጋ የነበረው በመቀስ ምክንያት ወራዳ ወንጀል መሰለ። የተቆረጠው ተመልሶ የተቀጠለው በ1980ዎቹ ነው፤ ካርሎፍ ከሞተ ከዐሥር ዓመት በላይ ቆይቶ መሆኑ ነው።

ሽልማትን በተመለከተ የዚያኑ ዘመን መዝገብ መግለጥ ይበቃል። በኅዳር 1932 በተሰጠው ኦስካር "ዶክተር ጄኪል እና ሚስተር ሃይድ" በተባለው ፊልም ፍሬድሪክ ማርች በምርጥ ተዋናይነት ከሌላ ተዋናይ ጋር እኩል ተሸለመ። እሱም አስፈሪ ፊልም ነው፤ እሱም ጭራቅ አለበት። "ፍራንክንስታይን"ም የታየው በዚያው የውድድር ዘመን ነው፤ ካርሎፍ ግን አልታጨም፤ እስኪሞት ድረስም አንድ ጊዜ እንኳ አልታጨም። ልዩነቱ ምንድን ነው? ማርች ጥሩ ተዋናይ ነው፤ አልክድም። ግን ማርች በፊልሙ ውስጥ መልከ መልካም ፊቱን እያሳየ ነው ጭራቅ የሆነው። ዳኞቹ "አየህ፣ ያ ቆንጆ ልጅ እንዴት እንደተለወጠ!" ለማለት ቻሉ። ካርሎፍ ግን የሚያወዳድሩበት ፊት አልሰጣቸውም። ከሃምሳ ዓመት በኋላ፣ በ1982፣ ኦስካር ለሜካፕ መደበኛ ሽልማት መስጠት ጀመረ። ተገቢ ነው፤ ጃክ ፒርስ በሕይወት ኖሮ ቢያየው እንዴት በወደድኩ። ነገር ግን ጭምብሉ ሽልማት ሲያገኝ ጭምብሉን ተሸክሞ የተነፈሰውን ሰው ማን ጠየቀው?

ስለ ካርሎፍ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚዘለል ሌላ ነገር አለ። ገና ጎሕ ሳይቀድ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚቀባ፣ ከዚያ ቀኑን ሙሉ በከባድ ጫማ የሚቆም፣ ማታ ደግሞ ያንን ሁሉ ከፊቱ ላይ የሚያስልጥ ሰው የሥራ ሰዓት የሚባለውን ነገር ከማንም በላይ ያውቃል። በ"ፍራንክንስታይን" መጨረሻ ላይ ዶክተሩን ሆኖ የሚጫወተውን ተዋናይ ተሸክሞ ደጋግሞ ዳገት ወጥቷል፤ የጀርባው ሕመም ዕድሜ ልኩን አልለቀቀውም። በ1933 የአሜሪካ የፊልም ተዋንያን ማኅበር ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዱ ይኸው ሰው ነበር። ያን ጊዜ በስቱዲዮዎቹ ዓይን ማኅበር መመሥረት እንጀራን ለአደጋ መስጠት ነበር። ዝነኛና ሀብታም የሆኑት ዳር ቆመው ሲያመነቱ፣ ሃያ ዓመት ሲርበው ኖሮ ገና መጥገብ የጀመረው "ጭራቅ" ፈረመ።

ጥፋት የለበትም አልልም። በ1932 ፉ ማንቹ የተባለውን ተንኮለኛ ቻይናዊ ሆኖ ተጫውቷል፤ ቻይናውያንን የሚያዋርድ ፊልም ነው። የራሱን የሕንድ ደም በይፋ ሳያነሣ የኖረ ሰው ዓይኑን አጥብቦ እስያውያን ላይ ማስቀለዱ ያሳዝነኛል። የሠራቸው ፊልሞች ሁሉ ጥሩ ናቸውም አልልም። ከ1939 ጀምሮ በኮሎምቢያ ስቱዲዮ የተጫወታቸው ከሳይንሳዊ ልብ ወለድ የተቀዱ እብድ ዶክተሮች እርስ በርስ ተመሳስለው የትኛው የትኛው እንደሆነ ይጠፋኛል። ቢሆንም ከነሱ በአንዱ፣ በ"ሊሰቅሉት ያልቻሉት ሰው"፣ ሙታንን በሰው ሠራሽ ልብ ሊያስነሣ የሚሞክር ሐኪም ሆኖ በፍርድ ቤት ሲናገር ፌዝ የለበትም። ርካሽ ፊልም ስለሆነ ርካሽ አድርጎ አልሠራውም።

ጭምብል የሌለበትን ካርሎፍ ማየት የሚፈልግ ግን በ1945 የተሠራውን "የሬሳ ሌባው"ን ፈልጎ ይመልከት። ሬሳ እየሰረቀ ለሐኪም የሚሸጥ ባለ ጋሪ ነው። እግሯ ሽባ የሆነ ልጅ ፈረሱን እንድትዳስስ አቅፎ ሲያነሣት አባት ይመስላል፤ ቆይቶ በዚያው እጅ ሰው ያንቃል። ጥጥ የለም፤ ሙጫ የለም። በ1955 ደግሞ ብሮድዌይ ላይ የዣን አኑይ ተውኔት ሲታይ በዣን ዳርክ ላይ የሚፈርደውን ጳጳስ ተጫውቶ ለቶኒ ሽልማት ታጭቷል። የቲያትር ሰዎች ታዲያ ምን አይተው አጩት?

እሱም ራሱ አንድ ጊዜ ሳይፈልግ የሌላ ሰው ጭምብል ሆኗል። በ1966 ለልጆች በተሠራው የግሪንች የገና ካርቱን ላይ ተራኪው እሱ ነው፤ የትረካው ሸክላም ግራሚ አስገኝቶለታል። በፊልሙ ውስጥ ያለውን ዘፈን በዚያ ጎርናና ድምፅ ያንጎራጎረው ግን ተርል ሬቨንስክሮፍት የተባለ ዘፋኝ ሲሆን ስሙ ከዝርዝሩ ቀርቶ ነበርና ብዙ ሰው ለዓመታት ካርሎፍ የዘፈነ መስሎት ኖረ። የጥያቄ ምልክት ዕጣ እንዲህ ተዘዋዋሪ ነው።

በ1968 ፒተር ቦግዳኖቪች በ"ታርጌትስ" ያሠራው የመጨረሻው ታላቅ ሥራው ነው። ጊዜ ያለፈበት የአስፈሪ ፊልም ተዋናይ ሆኖ፣ ማለትም ራሱን ሆኖ፣ ከእሱ ጭራቆች ይልቅ ጠመንጃ የያዘ ንጹሕ ልብስ የለበሰ ወጣት የሚያስፈራበትን ዘመን ፊት ለፊት ያያል። ሳምባው ታሞ ነበር፤ እግሩ በብረት ተደግፎ ነበር። ዓመት ሳይሞላ፣ የካቲት 2 ቀን 1969 በሰማንያ አንድ ዓመቱ በእንግሊዝ አገር ዐረፈ።

ያኔ የነበረ ታሪክ ነው፤ አሁን ተለውጧል የሚል ይኖራል። እስኪ እንይ። በ2018 ምርጥ ፊልም ተብሎ ኦስካር የተሸለመው "ዘ ሼፕ ኦቭ ዋተር" የፍቅር ታሪክ ነው። አፍቃሪዋ ሴት ታጨች፤ ጓደኛዋ ታጨች፤ ጎረቤቷ ታጨ። የተፈቀረው፣ የዓሣ ቆዳ ለብሶ ያለ አንዲት ቃል ፊልሙን ያቆመው ደግ ጆንስ አልታጨም። ይኸው ሰው በ2004 በ"ሄልቦይ" ሌላ የውኃ ፍጡር ሲጫወት ድምፁን አውጥተው በዴቪድ ሃይድ ፒርስ ድምፅ ተኩበት። ፒርስ ግን ሚናው የጆንስ ነው ብሎ ስሜ አይጻፍ አለ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ባርኔጣዬን የማነሣለት ባለ ድምፅ እሱ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ቤታችን የሚያደርሰንን ላንሣ። በ1979 የወጣውን "ኤልየን"ን ያላየ የፊልም ወዳጅ በከተማችን ጥቂት ነው። በመክፈቻው ላይ የሰባት ተዋንያን ስም ይወጣል፤ ሰባቱም በመርከቡ ውስጥ ያሉት ሰዎች ናቸው። ስምንተኛው፣ ያ ጥቁር ረጅም ፍጡር፣ እዚያ የለም። በፍጡሩ ውስጥ የነበረው ቦላጂ ባዴጆ የተባለ የሌጎስ ልጅ ነው። ዲሬክተሩ ሪድሊ ስኮት ተመልካቹ "ልብስ የለበሰ ሰው ነው" እንዳይል በጣም ረጅምና ቀጭን ሰው ሲያፈላልግ፣ ለንደን ውስጥ ሶሆ በተባለው ሰፈር መጠጥ ቤት አንድ ወኪል አየው። ቁመቱ ሁለት ሜትር ከስምንት ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ተዋናይ አልነበረም፤ የሥዕል ተማሪ ነበር። ሰው እንዳይመስል ሲል ታይ ቺና ያለ ቃል የመተወን ጥበብ ተማረ። ጅራቱ አላስቀምጥ ስለሚለው በዕረፍት ሰዓት የሚንጠለጠልበት ልዩ መቀመጫ ተሠራለት። በ1980 የተሰጠውን ኦስካር የልዩ ምስል ባለሙያዎቹ ወሰዱ። ባዴጆ ወደ ናይጄሪያ ተመልሶ የሥዕል ማሳያ ቤት ከፈተ፤ ሌላ ፊልም አልሠራም። በ1992 በሠላሳ ዘጠኝ ዓመቱ ሞተ።

ይህ ሰው ለንደን ከመግባቱ በፊት ወላጆቹን ተከትሎ የመጣው ወደዚህ ወደ እኛ አገር ነው። ሥነ ጥበብን ኢትዮጵያ ውስጥ ተምሯል። "ኤልየን"ን ስንት ጊዜ ተሰብስበን አየን፤ ስንት ጊዜ ስለ ፊልሙ ተጻፈ፤ ይህን የሚያነሣ አንድ ሰው እኔ አልገጠመኝም። አዋቂው ተናጋሪያችንም በዚያ ምሽት ስለ ሪድሊ ስኮት ሩብ ሰዓት ያህል ሲናገሩ ስሙን አልጠሩም። እኔም እጄን አውጥቼ አልተናገርኩም፤ እየሳቅሁ ነበርና።

ስለዚህ ለአንባቢያን አንድ ጥያቄ አለኝ። በ1960ዎቹ መጨረሻ ወይም በ1970ዎቹ መጀመሪያ በዚህ አገር ሥዕል የተማራችሁ፣ አጠገባችሁ ዝምተኛም ይሁን ተጫዋች አንድ ረጅም የናይጄሪያ ልጅ ቆሞ ሲሥል ያያችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ጻፉልን። ምን ይሥል እንደነበር፣ በየትኛው ቀለም ይሠራ እንደነበር፣ አማርኛ ይሞክር ከነበረም ምን ይል እንደነበር ማወቅ እፈልጋለሁ።